የተረገጠ መሬት ትንፋሽ

በመምህራን ስብሰባ ላይ የተነገረ



የዚህ ንግግር ርእስ ትንሽ ነገር ነው። ስለ ሥርዐተ ትምህርት ወይም ስለ ፈተና አይደለም፤ በመምህሩ ቤት ደጃፍና በትምህርት ቤቱ ግቢ ስላለው የሣር መስክ፥ መስኩም በእግር ብዛት ሲጠነክር በእጅ መሣሪያ እንዴት እንደሚከፈት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ሁለት ትልልቅ ጥያቄዎችን ይዞ ይመጣል። አንደኛው፥ ልጆች በሣር ላይ ሊጫወቱ ይገባቸዋልን ወይስ ሣሩ ከልጆች ሊጠበቅ ይገባዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፥ የተማረ ሰው በእጁ መሬት ቢቈፍር ክብሩ ይቀንሳልን የሚለው ነው። ለእነዚህ ጥያቄዎች በየትምህርት ቤቱ በየቀኑ መልስ ይሰጣል፤ የሚሰጠውም በቃል ሳይሆን በአሠራር ነው። መልሱ ግን ሁልጊዜ ያማረ አይደለም።

በብዙ ግቢ የሚታየው ታሪክ ይህን ይመስላል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ሣር ይተከላል፤ የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ መስኩ ይለመልማል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ግን ከበሩ እስከ ክፍሎቹ፥ ከክፍሎቹም እስከ ውሃ መቅጃው ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ይወጣሉ። መስመሮቹ እየዋሉ እያደሩ ይሰፋሉ፤ በበጋ አቧራ፥ በክረምት ጭቃ ይሆናሉ። ዝናብ ሲዘንብም ውሃው ወደ ታች መግባቱን ትቶ ላዩ ላይ ይተኛል። ያን ጊዜ የሚወሰደው እርምጃ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ‹‹ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው›› የሚል ሰሌዳ ይተከልና ዘበኛው አርጩሜ ይዞ ይቆማል፥ ወይም ተስፋ ተቈርጦ ግቢው ለአቧራ ይተዋል። በመጀመሪያው መንገድ ሣሩ ይድናል፥ ልጆቹ ግን ከአጥር ጥግ ቆመው ያዩታል። በሁለተኛው መንገድ ልጆቹ ይጫወታሉ፥ ነገር ግን ሲወድቁ የሚቀበላቸው እንደ ድንጋይ የደረቀ መሬት ነው። ከእነዚህ የተሻለ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም መሬቱን ማስተንፈስ ነው።

መሬት ይተነፍሳል ማለት የባለቅኔ አነጋገር ብቻ አይደለም። መልካም የመስክ አፈር ተቈፍሮ ቢመዘንና ቢለካ ከይዘቱ ግማሽ ያህሉ ብቻ ደቃቅ ድንጋይና ጥቂት ብስባሽ ሆኖ ይገኛል፤ የቀረው ግማሽ በቅንጣትና በቅንጣት መካከል ያለ ባዶ ቦታ ነው። ከዚህም ባዶ ቦታ እኩሌታውን ውሃ፥ እኩሌታውን አየር ቢይዘው ለዕፀዋት እጅግ ይስማማል። የሣር ሥር እንደ እንስሳ ሁሉ ኦክሲጅን ይወስዳል፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ያወጣል። ከምድር በላይ ባለው አየር ውስጥ ኦክሲጅን 21 በመቶ ያህል ነው፤ በአፈር ውስጥ ባለው አየር ይህ ቁጥር ከ10 በመቶ በታች በወረደ ጊዜ የብዙ ዕፀዋት ሥር ማደጉን ይቀንሳል። ስለዚህ ከላይ ያለው አየር ወደ ታች፥ ከታች ያለውም ወደ ላይ ሳያቋርጥ መመላለስ አለበት።

መመላለሻው በሁለት ነገር ይዘጋል። አንደኛው መረገጥ ነው። አንድ 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ እግሩ ቢቆምና የጫማው ሶል 90 ካሬ ሴንቲ ሜትር መሬት ቢነካ፥ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሲሶ ኪሎ ክብደት ይጫናል፤ ሲሮጥና ሲዘል ደግሞ ጭነቱ ይበዛል። ይህ ለአንድ ጊዜ ምንም አይደለም። ነገር ግን 500 ተማሪዎች ባሉበት ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ልጅ በአንድ መስመር በቀን አራት ጊዜ ቢያልፍ በቀን 2,000 መተላለፍ ይሆናል፤ በ200 የትምህርት ቀናት 400,000 ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ትልልቆቹ ቀዳዳዎች ይጨፈለቃሉ፤ የሚቀሩት ውሃን ጠምጥመው የሚይዙ፥ አየርን ግን የማያሳልፉ ደቃቅ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። ሁለተኛው መዝጊያ እንግዲህ ውሃው ራሱ ነው። ኦክሲጅን በውሃ ውስጥ ሲሰራጭ በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ይዘገያልና ውሃ የሞላበት የተረገጠ አፈር ለሥሩ እንደ ተዘጋ ቤት ነው። የሰው እግር የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛው ከላይ ባሉት 8 ሴንቲ ሜትር ውስጥ መሆኑ ግን መልካም ዜና ነው፤ ለእጅ መሣሪያ የማይደረስበት ጥልቀት አይደለም።

እዚህ ላይ የገበሬ ልጅ የሆነ ተማሪ አንድ ጥያቄ ቢያነሣ ሊመሰገን ይገባዋል። ‹‹በአገራችን ጤፍ ሲዘራ አስቀድሞ ከብት ወይም በግ ተነድቶ ማሳው ይረገጣል፤ መረገጥ ክፉ ከሆነ ገበሬው ስለ ምን ያስረግጣል?›› ይላል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልሱም ትምህርት አለበት። የጤፍ ዘር እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነ በጓል መካከል ቢወድቅ ጠልቆ ይቀራል፤ ስለዚህ የላይኛው አፈር ጥቂት ጠጠር እንዲል ይፈለጋል። ነገር ግን ያ ማሳ ከመረገጡ በፊት ደጋግሞ ታርሷል፤ በሚመጣውም ዓመት እንደ ገና ይታረሳል። ማረሻ በየዓመቱ የሚከፍተውን መሬት እግር አንድ ቀን ቢያጠነክረው አይጐዳም። የሣር መስክ ግን ፈጽሞ የማይታረስ እርሻ ነው። ይረገጣል እንጂ አይከፈትም፤ ቢታረስም ሣሩ ይጠፋል። እንግዲህ የመስክ ጥበብ ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ መሬቱን ሳይገለብጡ መክፈት።

ይህን ሥራ ከሰው በፊት የጀመሩ ሠራተኞች አሉ። እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ ቻርልስ ዳርዊን በ1881 (እ.ኤ.አ.) ስለ ምድር ትል ባሳተመው መጽሐፍ፥ በብዙ የእንግሊዝ አገር ክፍሎች በአንድ ኤከር መሬት በዓመት ከ10 ቶን በላይ አፈር በትሎች ሆድ አልፎ ወደ ላይ እንደሚወጣ በስሌት አሳይቷል። ትሉ የሚተወው ቀዳዳ የአየርና የውሃ በር ነው። በኢትዮጵያ 12 ሚሊዮን ሄክታር ያህል የሚሸፍነው ጥቁር መሬትም በበጋ ሲደርቅ በሰፊው እየተሰነጠቀ ራሱን ይከፍታል፤ በክረምት ግን አብጦ ስንጥቁን መልሶ ይዘጋል። ትሉ እጅግ በተረገጠ ስፍራ ሊኖር አይወድም፤ ስንጥቁም በሚፈለግበት ጊዜ ይዘጋል። ስለዚህ የሰው እጅ መርዳት አለበት።

መሣሪያው ሁለት ዐይነት ነው። የመጀመሪያው የአትክልት ሹካ ነው፤ ይኸውም እንደ አውድማ መንሽ ጣት ያለው፥ ጣቶቹ ግን ከጠንካራ ብረት የተሠሩና አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑ ነው። ሠራተኛው ሹካውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ በእግሩ ይጫነውና 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስገባዋል፤ ከዚያም እጀታውን ወደ ራሱ በጥቂቱ ሳብ አድርጎ መሬቱ ብድግ ሲል ያቆምና ይነቅለዋል። መሳቡ ከበዛ ሣሩ ከነሥሩ ይገነጠላል፤ ዐላማው ማላቀቅ እንጂ መገልበጥ አለመሆኑ እዚህ ላይ መዘንጋት የለበትም። ሠራተኛው የሚሄደውም ወደ ኋላ ነው፤ ወደ ፊት ቢሄድ የከፈተውን መልሶ ይረግጠዋልና።

ሁለተኛው መሣሪያ ውስጡ ክፍት የሆነ ቱቦ ያለው መውጊያ ነው። ይህ መሬቱን የሚወጋ ብቻ አይደለም፤ ጥቂት አፈር እንደ ሻማ አድርጎ ቈርጦ ያወጣል። የተጠነቀቀ ብየዳ ሠራተኛ ከግማሽ ኢንች የውሃ ቧንቧ ሊሠራው ይችላል። ሁለት አጫጭር የቧንቧ ቁራጮች በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት በአንድ አግዳሚ ብረት ላይ ይበየዳሉ፤ አግዳሚው የእግር መርገጫ ይሆናል፤ ከላይ ረጅም እጀታ ይቆምለታል። በየቧንቧው ጎን ረዘም ያለ መስኮት ይከፈታል፤ አዲሱ አፈር አሮጌውን እየገፋ በዚያ ያስወጣዋል። የቧንቧው አፍ በሞረድ ይሳላል፤ የሚሳለውም ከውጭ በኩል ነው። ከውስጥ ቢሳል አፉ ከውስጡ ሰፍቶ አፈሩ ይወተፍበታል።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው በአፈሩ ይወሰናል። አሸዋ ለበዛበትና ጥቂት ብቻ ለተረገጠ መሬት ሹካው ይበቃል። ለሸክላማ አፈርና ለጠነከረ መሬት ግን ቱቦው ይበልጣል፤ ሹካ ሲገባ አፈሩን ወደ ጎን እየገፋ ቦታ ያገኛል፥ ቱቦው ግን አፈሩን አውጥቶ ቦታ ይተዋል። አንዳንድ ሰዎች በሰሌዳ ላይ ሚስማር መትተው ከጫማቸው በታች እያሰሩ በመስኩ ላይ ይመላለሳሉ። ይህ ለልጆች ሣቅ ሊሆን ይችል እንደ ሆነ እንጂ ለመሬቱ እምብዛም አይጠቅምም፤ ሚስማሩ ቀጭንና አጭር ነው፥ የሰውየው ክብደትም በዙሪያው ያለውን አፈር ይበልጥ ይጨቁነዋል።

ይህ ሥራ ለሒሳብ መምህር ያማረ ትምህርት ይሰጣል። የአንድ መምህር ቤት መስክ ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ወርዱ 4 ሜትር ነው እንበል፤ ስፋቱ 40 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቀዳዳዎቹ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቢደረጉ በአንድ ካሬ ሜትር 100 ቀዳዳ፥ በመስኩ ሁሉ 4,000 ቀዳዳ ይወጣል። ባለ ሁለት ቱቦው መሣሪያ በአንድ ርግጫ ሁለት ቀዳዳ ስለሚያወጣ 2,000 ርግጫ ያስፈልጋል። ሠራተኛው በደቂቃ 10 ጊዜ ቢረግጥ ሥራው በ3 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይጠናቀቃል። ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከባድ ነው፤ በአራት ማለዳ ቢከፈል ግን በየማለዳው 50 ደቂቃ ብቻ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ስሌት ግን ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው። የቧንቧው ግድግዳ ውፍረት ለጊዜው ይቆይና እያንዳንዱ ቀዳዳ አግድመቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር፥ ጥልቀቱ 8 ሴንቲ ሜትር ነው ቢባል፥ የቀዳዳው አፍ 1.77 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። መቶው ቀዳዳ ሲደመር 177 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከአንድ ካሬ ሜትር ይህ 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የየቀዳዳው የጎን ግድግዳ ግን 37.7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን የመቶው ድምር 3,770 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። እንግዲህ ከላዩ 2 በመቶ ያልሞላ ተከፍቶ፥ አየር የሚነካው አዲስ የአፈር ገጽ ከቀድሞው ስፋት ከሲሶ በላይ ተጨመረ ማለት ነው። የወጣው አፈር በካሬ ሜትር 1.4 ሊትር፥ በመስኩ ሁሉ 57 ሊትር ያህል ነው፤ ከሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጥቂት ያንሳል። ተማሪ ስለ ሲሊንደር ገጽና ይዘት የሚማረውን ቀመር በሰሌዳ ላይ ካየው በኋላ በመሬት ላይ ቢያገኘው በቀላሉ አይረሳውም።

የሥራው ጊዜ እንደ መሣሪያው ሁሉ ያስፈልጋል። ሦስት ነገሮች በአንድነት መገኘት አለባቸው፤ ሣሩ በማደግ ላይ ይሁን፥ አፈሩ ይርጠብ፥ ነገር ግን አይጨቅይ። የደረቀ መሬት መሣሪያውን አያስገባም። የጨቀየ ሸክላ ደግሞ የቀዳዳውን ግድግዳ እንደ ምጣድ አልስልሶ ይዘጋዋል፤ ጉልበቱ ይባክናል፥ ጉዳቱም ይብሳል። ፈተናው ቀላል ነው። ከመስኩ አንድ ጭብጥ አፈር አንሥቶ መጨበጥ፤ ተጣብቆ ኳስ ከሆነና በአውራ ጣት ሲነካ ከተፈረካከሰ ሥራው ይጀመር፤ ውሃ ካንጠፈጠፈ ወይም እንደ ሊጥ ከለሰለሰ ይቆይ። በኢትዮጵያ ደጋ የክረምቱ ዝናብ ከመጠንከሩ በፊት ግንቦትና የሰኔ መጀመሪያ፥ እንዲሁም ዝናቡ ሲያባራ መስከረም መልካም ጊዜያት ናቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ በሚወርድበት ስፍራ ግን ሣሩ የተከፈተውን ለመሸፈን አቅም የለውምና መተው ይሻላል።

የዚህ ክፍለ ዓለም ሰዎች በሣር ረገድ ዕድለኞች ናቸው። ሰርዶ በኢትዮጵያ መንገድ ዳር ሁሉ የሚገኝ፥ በላይም በታችም እየተሳበ የሚዛመት ሣር ነው። ሌላው በኬንያ ባለው በኪኩዩ ሕዝብ ስም የሚጠራው ሣር ነው። ይህ ሣር ትውልዱ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ሲሆን በ20ኛው መቶ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ አውስትራልያ ተወስዶ የግጦሽና የጨዋታ ሜዳ ሣር ሆኗል። በላቲን የተሰጠው ስም ‹‹ስውር›› ማለት ነው፤ አበባው በቅጠሉ መካከል ተሸሽጎ ስለሚኖር ነው። ሁለቱም ሣሮች ሲቈስሉ ፈጥነው ያገግማሉ፤ የተከፈተውን ቀዳዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሥራቸው ይወርሰዋል። እዚሁ የበቀለ ሣር እያለ ከሩቅ አገር ዘር መመኘት አያስፈልግም።

ከቱቦው የወጡት የአፈር ቁራጮች መጣል የለባቸውም። አንድ ሁለት ቀን በፀሐይ ደርቀው በጥርሳም ብረት ወይም በመጥረጊያ ጀርባ ቢፈጩ ወደ ሣሩ ሥር ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ የተነፋ ብስባሽና የወንዝ አሸዋ ተደባልቆ በስሱ ይበተናል፤ በመጥረጊያም እየተገፋ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ለ40 ካሬ ሜትር መስክ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ድብልቅ 200 ሊትር፥ ማለት ዐሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። የሣሩ ቅጠል ጫፍ ከድብልቁ በላይ መታየት አለበት፤ ከተዳፈነ ይታፈናል። ዝናብ ከሌለ ውሃ ይጠጣ፤ ልጆችም ለሁለት ሳምንት ያህል በሌላው ወገን ይጫወቱ። መስኩ በሁለት ወይም በሦስት ክፍል ተከፍሎ በየተራ ቢሠራ ጨዋታው ከቶ አይቋረጥም።

አንዳንድ ጥንቃቄም አለ። በብዙ ግቢ የውሃ ቧንቧና የመብራት ሽቦ በጥልቀት አልተቀበረም፤ ስለዚህ መሣሪያው ከመውረዱ በፊት መስመራቸው ተጠይቆ በካስማ ይመልከት። ባዶ እግሩን ወይም በሸበጥ የሚሠራ ሰው አይኑር። ተማሪዎች ሲሠሩ በመካከላቸው ከሁለት ክንድ ያላነሰ ርቀት ይሁን፤ ሹካው ሲቀመጥም ጣቶቹ ወደ ሰማይ አይመልከቱ። ደግሞም በየዓመቱ በአንድ ዐይነት ጥልቀት ብቻ መውጋት ከቀዳዳዎቹ በታች ጠንካራ ንጣፍ ሊሠራ ስለሚችል ጥልቀቱ ከዓመት ዓመት ይለዋወጥ።

መሣሪያው የማይፈውሰውንም ማወቅ ያስፈልጋል። በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ብርሃን አጥቶ የሚሞት ሣር በመወጋት አይድንም። ምግብ ያጣ አፈር ፍግና ብስባሽ ይሻል። ውሃ የሚተኛበት ጥቁር መሬትም አስቀድሞ መፍሰሻ ይፈልጋል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች ይህን ቀድሞውኑ ያውቁታል፤ በጥቁሩ መሬታቸው ላይ ቤተ ሰቡ በሙሉ አፈሩን በእጅ እየዛቀ ሰፊ መደብና ቦይ ያወጣል፥ ትርፉ ውሃም በቦዩ ይወርዳል። ከሁሉም በላይ ሰው የግድ የሚሄድበት መስመር መንገድ እንጂ መስክ አይደለም። ከበሩ እስከ ክፍሎቹ ያለው ስፍራ ጠጠር ይልበስ፤ 400,000 መተላለፍ የሚችል ሣር የለምና። መንገድ ለመንገድነቱ ከተሰጠ በኋላ የቀረው መስክ ለጨዋታ ይተርፋል።

ይህን ሁሉ በማስተማር ረገድ አንድ ቀላል ሙከራ ይበቃል። ታችና ላዩ የተቈረጠ ሁለት እኩል የቲማቲም ቆርቆሮ ይዘጋጅ። አንዱ በተረገጠው መስመር ላይ፥ ሌላው ማንም በማይሄድበት በአጥሩ ሥር ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ይተከል። በሁለቱም እኩል ውሃ ይፍሰስ፤ ሁለት ተማሪዎች ሰዓት ይዘው ውሃው እስኪሰምጥ ይቁጠሩ። ልዩነቱን ራሳቸው ይጻፉት። ከዚያ የተረገጠው ስፍራ ይከፈት፤ ከወር በኋላና ከሦስት ወር በኋላ ሙከራው ይደገም። መምህሩ አስቀድሞ ውጤቱን አይንገራቸው። ተማሪ ከመጽሐፍ ያነበበውን ያምናል፤ በእጁ የለካውን ግን ያውቃል። በመማር ውስጥ ትልቁ ርቀት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ነው።

የተከበራችሁ መምህራን፤ አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ መመለስ ይገባል። በብዙ ትምህርት ቤት ዶማና አካፋ የሚነሡት መቼ ነው? ያረፈደ፥ የቤት ሥራውን ያልሠራ፥ ወይም በክፍል ውስጥ የረበሸ ተማሪ ሲገኝ ነው። ‹‹ሂድና ቈፍር›› ይባላል። በዚህ አንድ ቃል ሁለት ትምህርት ይሰጣል፤ አንደኛው መሬት መቈፈር የጥፋተኛ ዕጣ ነው የሚል፥ ሁለተኛው ቀለም የቀናው ልጅ ከመሬት ያመለጠ ነው የሚል ነው። ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ አባቱ ከእርሻ ሲገባ ያየዋል። አባቱ ምን አጥፍቶ ነው የሚቈፍረው? ይህ ጥያቄ በልጁ ልብ ውስጥ እንዲበቅል ያደረገ ትምህርት ቤት ከአባትና ከልጅ መካከል አጥር ተክሏል ማለት ነው።

የታንዛንያው መሪ ጁልየስ ኔሬሬ አስቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር ነበረ፤ ሕዝቡም እስከ ዕለተ ሞቱ ‹‹ምዋሊሙ›› ማለት ‹‹መምህር›› ብሎ ጠራው። በ1967 (እ.ኤ.አ.) ራስን ስለ መቻል ትምህርት ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ ትምህርት ቤት ልጁን ከወጣበት ማኅበር እንዳይለየው፥ ሥራና ትምህርትም እንዳይለያዩ አሳስቦ ነበር። ሐሳቡ በብዙ ወገን አከራክሯል፤ ነገር ግን አንድ ነገር ከክርክሩ ውጭ ይቀራል። መምህሩ ራሱ የማይነካውን መሣሪያ ተማሪው በፍቅር ሊይዘው አይችልም። በጉራጌ የእንሰት ቦታ በእጅ መቈፈሪያ ሲገለበጥ ያየ፥ ወይም በ2011 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የኮንሶን የድንጋይ እርከን የተመለከተ ሰው፥ የእጅ ሥራ ከዕውቀት በታች ነው ሊል አይደፍርም። በእነዚያ እርከኖች ላይ የተከማቸው የውሃ፥ የአፈርና የቁልቁለት ስሌት በቀለም ያልተጻፈ ጂኦሜትሪ ነው።

ስለዚህ ለመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤቶችና ለትምህርት ሹማምንት የሚቀርበው ሐሳብ ጥቂትና ግልጽ ነው። በመጀመሪያ፥ ዶማና ሹካ ከቅጣት መዝገብ ይውጡ። ቅጣት የግድ ከሆነ ሌላ ይፈለግለት፤ የመሬት ሥራ ግን መታመን ለሚገባው ተማሪ የሚሰጥ ዐደራ ይሁን። ሁለተኛ፥ ሥራው ሲጀመር የመጀመሪያውን መደዳ የሚወጋው የክፍሉ መምህር ወይም ርእሰ መምህሩ ራሱ ይሁን፤ ከረባቱን አውልቆ በሃያ ደቂቃ የሚያሳየው ነገር ከአንድ ዓመት የግብረ ገብ ንግግር ይበልጣል። ሦስተኛ፥ ሥራው ያለ ትምህርት አይሠራ፤ የሳይንሱ መምህር ስለ ሥር መተንፈስ፥ የሒሳቡ መምህር ስለ ሲሊንደር፥ የጂኦግራፊው መምህር ስለ ቀዩና ስለ ጥቁሩ አፈር በዚያው መስክ ላይ ቆመው ያስተምሩ። አራተኛ፥ የመስክ ሥራ ከትምህርት ሰዓት የሚሰርቅ የጉልበት ምንጭ አይሁን፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በየጊዜውም ጥቂት ማለዳ ይበቃል። ልጆች ለማንም ሰው የግል ጓሮ ሠራተኛ ሆነው እንዳይገኙ ርእሳነ መምህራን ሊጠነቀቁ ይገባል፤ የመምህሩን ቤት መስክ መምህሩ ራሱ ይክፈተው።

ይህ ሁሉ ሲደረግ መስኩ በአንድ ክረምት እንደ ምንጣፍ ይሆናል ብሎ ተስፋ መስጠት አይገባም። ለብዙ ዓመታት የተረገጠ መሬት በአንድ ማለዳ አይድንም። ነገር ግን በመጀመሪያው ክረምት ዝናብ ሲያባራ ውሃው ከቀድሞው ፈጥኖ መስመጡ ይታያል፤ በቀዳዳዎቹ አጠገብ ያለው ሣርም ከሌላው ይልቅ ጠቍሮ ይለያል። በሚቀጥለው ዓመት መሣሪያው በቀለለ ጉልበት ይገባል፤ ትሎችም ይመለሳሉ። ያን ጊዜ መስኩ መረገጥን ይችላል፤ መስክ የተሠራውም ሊረገጥ ነውና። ‹‹ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው›› የሚለው ሰሌዳ ከተተከለበት ተነቅሎ ልጆች በሜዳው ላይ ሲሮጡ፥ ሲወድቁና ሣቅ እያሉ ሲነሡ ማየት ለአንድ ትምህርት ቤት ከማናቸውም ጌጥ የበለጠ ጌጥ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ የብረት መሣሪያ፥ ጥቂት ማለዳ፥ እጁንም ከመሬት የማይሸሽግ መምህር ነው።